ጠርቶ መምታት

ሰው ውሻውን ጠርቶ ሲመታ ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። በቅርቡ እንኳ ሸዋ ሮቢት ገበያው አጠገብ አንድ ባለባጃጅ ውሻውን «ና፣ ና፣ ና» ብሎ አባብሎ ጠራውና፣ እንስሳው ጭራውን እየቆላ እግሩ ስር ሲደርስ በጫማው ጎኑን አለው። ጠዋት የጎረቤት ዶሮ አባርሮ ነበር አሉ። ጠዋት! እኛ የቆምነው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «አንተ፣ ስትጠራው የመጣልህን ነው የምትመታው?» አልኩት። «እትዬ፣ ውሻው የራሴ ነው» አለኝ። «ውሻው የራስህ ነው፣ ጥፋቱም የራስህ ነው» ብዬ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ጮህኩበት። ሰፈር ውስጥ «የውሻ ጠበቃ» የሚል ስም የወጣልኝ በዚህ ነው። ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ውሻ የሚታረመው ሲያጠፋ ነው፤ እዚያው፣ ዶሮዋ አፉ ውስጥ እያለች። ያን ጊዜ ጠንከር ያለ ድምፅ ይበቃዋል። ሰዓቱ ካለፈ ግን አለፈ፤ ንዴትን ውጦ ዝም ማለት ነው። ተጠርቶ የመጣ ውሻ ደግሞ ምንም ያጥፋ ምን አይነካም፤ እሱ የሚያውቀው መምጣቱን ብቻ ነውና የሚመታው በመምጣቱ ይመስለዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ከአባቴና ከውሻው ነው ያየሁት፣ ባላየሁትም ደስ ባለኝ።

አባቴን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። በልቤ ግን ሁልጊዜ አንተ ነው፤ እዚህም በልቤ እንደምጠራው ልጻፈው። ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ እያመረተ ያሳደገን ሰው ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ልጆች ሆነን ስናጠፋ እዚያው አይቆጣም ነበር። «በንዴት የሚመታ ሰው እያስተማረ አይደለም፣ ንዴቱን እያወጣ ነው» ይላል። የያዘውን ሥራ ይጨርሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰግዳል። ልቡ ሲረጋ በረንዳው ላይ ይቀመጥና በስማችን፣ እጅግ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይጠራናል። ጥፋታችንን ይነግረናል፣ ለምን ጥፋት እንደሆነ ያስረዳናል፣ ከዚያ በቀጭን በትር እግራችንን ሸንቆጥ ያደርገናል። በቃ። ስድብ የለም፣ ቂም የለም። የሌላው ልጅ አባት እጁ የገባውን ይዞ ሲያባርር የእኛው እንደ ዳኛ ተቀምጦ ይፈርዳል። እኮራበት ነበር።

ውሻው የመጣው እናቴ ከሞተች፣ እኔም ትዳሬ ፈርሶ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ያን ዓመት ጦጣና ከርከሮ ተባብረው ማሾውን ሊጨርሱብን ደረሱ። ከማሳችን አጠገብ ቲማቲም የሚያለማ ጎረቤት አለን፤ ቀልደኛ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ንጹሕ ሰው። እሱ ነው ጀውሃ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ምግብ ቤት ጓሮ አንድ ቡችላ በካርቶን ይዞልን የመጣው። አባቴ ካርቶኑን ከላይ ሆኖ አየና ጢሙን አሻሸ። እኛ ቤት ውሻ ገብቶ አያውቅም። «ለአዝመራ ጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ይሁን ለእኔ እንጃ። ደንቡንም እዚያው አወጣ። ውሻው ማሳው ላይ ካለችው ጎጆ ያድራል፣ ዕቃው ለብቻው ይሆናል፣ እኛም ለሃጩን እንጠነቀቃለን። ለሃጩ ነጃሳ ነው፤ ልብስ ወይም ገላ ከነካ ደጋግሞ፣ አንዱን ጊዜም በአፈር፣ ማጠብ ግድ ይሆናል።

ውሻው መልኩ ቡላ ነበር፣ አንድ ጆሮው የተኮረመተ። ስም አውጥተንለታል፤ ስሙን ግን ዛሬም ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። አድጎ ጉልበት ሲያወጣ ጦጣ የሚባል ከማሳችን ዳር ድርሽ አላለም። ጎረቤታችንን ይወደዋል፣ እኔን ይወደኛል፤ አባቴን ግን ያመልከዋል ማለት ይቀላል። አባቴ አካፋውን ይዞ ውሃ ሲያጠጣ ከቦይ ቦይ ይከተለዋል። አባቴ ሲቀመጥ ይቀመጣል፣ ሲነሳ ይነሳል። ጥፋቱም ከዚሁ ከፍቅሩ የመጣ ነው፤ ሲያየው ይዘልበታል።

ዝላዩ ደግሞ ጊዜ አይመርጥም። ከከተማው መስጂድ አዛን ሲሰማ አባቴ ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ውዱእ ያደርጋል። ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን ታጥቦ ቀና ሲል ውሻው የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስል ተወርውሮ ይመጣና ሁለት የፊት እግሩን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። አገጩን ይልሰዋል። ሸሚዙ፣ ሽርጡ፣ ሁሉም ለሃጭ በለሃጭ ይሆናል። «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ» ይላል አባቴ፣ እጆቹን ወደ ላይ እንደያዘ። አይመታም፣ አይጮህም፣ «ዞር በል» እንኳ አይልም። ተናዷላ! በንዴት ደግሞ እጁን አያነሳም። ሄዶ እንደገና ይታጠባል፣ በአፈር ያሻል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ይሰግዳል፣ ዚክሩን ያደርሳል፣ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ይጠጣል።

ውሻው በዚህ መሀል ስንት ሥራ ሠርቷል። ማሳውን ዞሯል፣ ጦጣ አባሯል፣ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። አባቴ ንዴቱ በርዶ ማንጎው ስር ሲቀመጥ ነው የሚጠራው፤ በዚያው በልጅነታችን በምናውቀው ለስላሳ ድምፅ። ቡችላ ሳለ እየበረረ ነበር የሚመጣው። ይመጣል፣ ፊቱ ይቀመጣል። አባቴም ጥፋቱን ይነግረዋል። በአላህ፣ ይነግረዋል! «ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ላይ አይዘለልም። ልብሴን ነጀስክብኝ። ይህ ደግ አይደለም።» ውሻው ጭራውን እየቆላ አፉን አፉን ያየዋል። ከዚያ በቀጭኗ በትር ጀርባውን ሸንቆጥ። ጎረቤታችን ከቲማቲሙ መሀል ቀና ብሎ፣ «ዛሬም ችሎት ተቀመጠ? ተከሳሹ ጠበቃ ያቁም እንጂ ጋሼ!» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ውሻው ማደግ ሲጀምር ነው። መዝለሉን አልተወም፤ ሲዘል ማን ነክቶት ያውቃል? የተለወጠው አመጣጡ ነው። መጀመሪያ ሲጠሩት መሮጡን ትቶ መራመድ ጀመረ። ቀጥሎ አንገቱን ደፍቶ፣ ዳር ዳሩን እየዞረ መምጣት አመጣ። ውሎ አድሮ ደግሞ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን አጣጥፎ መሬት ላይ ይተኛና በሆዱ እየተሳበ ይመጣል፤ ደርሶም ሽንቱ ያመልጠዋል። አባቴ ይህን ሲያይ ልቡ ይነካ ነበር፣ ግን በሌላ በኩል ነው የተረዳው። «አየሽ ልጄ፣ ጥፋቱን አውቋል። ፊቱን እዪው፣ አፍሯል» አለኝ አንድ ቀን፣ የኩራት በሚመስል ድምፅ። ውሻው መሬቱን እየላሰ ነበር።

«አባባ፣ አላፈረም። ፈርቶ ነው» አልኩት።

«ፍርሃት የጥፋተኛ ነው» አለ።

ጎረቤታችን ቀልዱን ትቶ ከምሩ የተናገረው ያን ጊዜ ነው። ቦዩን ተሻግሮ መጣና አጠገባችን ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲዘልብዎ እዚያው ‹ተው!› ቢሉት፣ ጀርባዎን ቢሰጡት ይበቃዋል። አሁን የሚመቱት ስለምን እንደሆነ በምን ይወቀው?»

«ውዱእ አድርጌ፣ አዛን እየጠራኝ ከውሻ ጋር ልታገል?» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ይተዉለት። ሰግደው ሲጨርሱ ይርሱት።»

«መርሳት ማበላሸት ነው። ልጆቼን በዚህ ነው ያሳደግኩት፤ ይኸው አንዱም አልተበላሸብኝ» አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ጎረቤታችን እኔን አየኝና ፈገግ ብሎ ተነሳ። ከአባቴ ጋር እዚያ ላይ ከደረሱ መከራከር አይቻልም፤ ፍርዱ ከንዴት የጸዳ ስለሆነ የሚሳሳት አይመስለውም። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ለማስተው ይቀለኝ ነበር።

የሮቢ ጠባይ እንዲህ ነው። እኛ ቆላ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው እግር እያቃጠለ ውሃው ይመጣል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ደጋው ጋ ነው፤ ጣርማ በር በጠቆረ በሰዓታት ውስጥ ደራሹ እኛ ጋ ነው። ወንዙ ዳር ያለን ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይናችን ሥራው ላይ፣ አንዱ ተራራው ላይ ነው። ላይኛው ማሳ ያሉት መጀመሪያ ያዩትና ይጮሃሉ። ጩኸቱን ከማሳ ወደ ማሳ እየተቀባበልን ወደ ታች እንሰደዋለን። ያን ጊዜ ሁሉም የውሃ ሞተሩን ከዳር ይጎትታል፣ ልጁንና ከብቱን በየስሙ ይጠራል።

የዚያን ቀን ከዐሱር ሶላት በፊት ነው ጩኸቱ የደረሰን። አባቴ በአካፋው ሽንኩርቱን እያጠጣ ነበር። እኔና ጎረቤታችን ሞተሩን ለመጎተት ወደ ወንዙ ሮጥን። አውጥተን ቀና ስንል ውሻው የለም። ፈለግነው። መሀል ወንዝ፣ ቀጭኗ ውሃ ሁለት ቦታ ተከፍላ በምታልፍበት የአሸዋ ደሴት ላይ፣ እርጥቡን አሸዋ ጭሮ ሆዱን እያቀዘቀዘ ተኝቷል። ሙቀት ሲበረታ የሚያደርገው ነው። ወደ እኛ ለመሻገር ለእሱ ጥቂት ዝላይ ነበር። የውሃው ጉርምርምታ ከመታጠፊያው በላይ ይሰማል፤ ጊዜ ግን ነበር። ይህን ጎረቤታችንም ይመሰክራል። ለሚሮጥ ውሻ ጊዜ ነበር።

አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ጠራው። በዚያው በለስላሳ ድምፁ ጠራው፤ ሌላ ድምፅ የለውም።

ውሻው ቀና አለ። አየን። ጆሮው ወደ ኋላ ተጣጠፈ፣ ጭራው በእግሮቹ መሀል ገባ፣ አሸዋው ላይ ተለጠፈና በሆዱ መምጣት ጀመረ።

እምቢ ቢል ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቢሸሽ፣ በወዲያኛው ዳር ቢያመልጥ፣ እሰየው። እሱ ግን ታዘዘ። የፊት እግሩን ትንሽ ወደፊት ይልካል፣ ሆዱን ይጎትታል፣ ይቆማል፣ አባቴን ያያል፣ ደግሞ ይሳባል። «ና! ና እንጂ!» አለ አባቴ፣ እንደገናም በስሙ ጠራው። በጠራው ቁጥር ይበልጥ ይለጠፋል፣ ይበልጥ ይዘገያል። ጎረቤታችን እያጨበጨበ ያፏጫል፣ እኔ የምለው ጠፍቶኝ እጮሃለሁ። «አይጥሩት አባባ! በአላህ አይጥሩት!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ሰማኝና ዞር ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ይመስለኛል የገባው። እጁን ተመለከተ፤ አካፋው በእጁ ነበር። ወዲያ ወረወረውና ባዶ እጆቹን ወደ ውሻው ዘረጋ። አካፋው ድንጋይ ላይ ወድቆ ሲጮህ ውሻው የሚመታ መስሎት ባለበት ተኛ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ውሃው መታጠፊያውን ዞሮ መጣ። ግንድና ቅጠል እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ቡናማ ሆኖ። አባቴ ልግባ አለ። ወገቡን ይዤ ተንበረከክሁ፣ ጎረቤታችን በትከሻው ያዘው፤ ያ ሁሉ ጉልበት በዚያ ዕድሜ ከየት እንደመጣለት አላውቅም። ውሻው ዓይኑን ሲገልጥ ውሃው ደሴቱን ከቦታል። ያን ጊዜ ተነሳ። ተነስቶ ቆመና ወደ እኛ ሊዘል አጎነበሰ። ከዚያ በኋላ ደሴትም ውሻም የለም፤ የሚታየው ውሃ ብቻ ነው።

አባቴ ዳሩ ላይ ተቀመጠ። «እየመጣልኝ ነበር» አለ። «እየመጣልኝ እኮ ነበር» አለ ደግሞ። የዐሱር አዛን ከከተማው ተሰማ፣ አለቀ፣ ሰዓቱ ሄደ፣ እሱ አልተነሳም። ሶላት ሲያዘገይ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃው ጎደል ሲል ጎረቤታችንና እኔ ወንዙን ተከትለን ወርደን ፈለግን። የሰው ጫማ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ የሞተች ፍየል አገኘን። እሱን አላገኘነውም። ስመለስ አባቴ ጎጆዋ ውስጥ የነበረውን የውሻውን ሳህን ወንዙ ዳር አውጥቶ በአፈር እያሸ ያጥበው ነበር።

አሁን ሌላ ውሻ አለን። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሲዘልብኝ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ እግሩ መሬት ሲነካ አሞግሰዋለሁ፤ በጥቂት ሳምንት ገባው። ሽንኩርት መሀል ሲገባ ካየሁት እዚያው «ውጣ!» እለዋለሁ፤ ካላየሁት ግን እግሩ የሽንኩርቱን መደብ ደምስሶት ባገኘውም አልናገረውም። ስጠራው እየበረረ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ከኪሴ አንድ ነገር አይጠፋም። ጎረቤታችን «ይኸስ ተከሶም አያውቅ» ይላል። እስቃለሁ፤ ግን ሳቄን አልጨርሰውም። ያኛው እንዲህ እየበረረ የሚመጣበት ጊዜ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ይህን ውሻ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ሰውም መጥራት ትቷል። በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ልጄ» ይለኛል፣ ካለሁበት እሄዳለሁ። አሁን ጉልበቱን እያመመው፣ ግድግዳውን እየተደገፈ፣ ካለሁበት ድረስ ይመጣል። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት። ውሃ ፈልጎ ነው።

«አባባ፣ አይጠሩኝም እንዴ? እመጣልዎት ነበር» አልኩት።

ውሃውን ቀዳሁለት። ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ አልጠጣውም።

«ልጆች ሆናችሁ» አለኝ፣ «ስጠራችሁ ትፈሩኝ ነበር?»

«አይ አባባ፣ ለምን እንፈራለን?» አልኩት። ግን ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ መዘግየቴንም ሰማ። ራሱን ነቀነቀና ውሃውን ጠጥቶ፣ ጣሳውን መልሶ ሰጠኝ፣ በመጣበትም ግድግዳውን እየተደገፈ ተመለሰ።